ከተማዋን ከሐይቁ ላይ እንደምትታይ ሥሯት

ውድ ተማሪዎች፣

የባሕር ዳርን ሞዴል በቡድን ለመሥራት ስትነሡ፣ ካርቶን ከመግዛታችሁ በፊት ተመልካቹ የት ቆሞ እንደሚያይ ወስኑ። እኔ የምመርጥላችሁ ጣና ላይ ሆኖ ነው። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ሕንፃ ብቻ ያያል፤ በጀልባ ወደ ወደቡ የሚመለስ ሰው ግን ዛፉን፣ ጣሪያውንና ከኋላ ያለውን ኮረብታ በአንድ መስመር ያያቸዋል። የምትሠሩት ያንን መስመር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቡድን የሚሳሳተው በግራና ቀኝ ነው። ካርታ ላይ ሰሜን ከላይ ስለሆነ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ በቀኝ በኩል ይገኛል። ከሐይቁ ወደ ደቡብ ስታዩ ግን ምሥራቅ በግራችሁ ነው፤ ዓባይም የቤዛዊት ኮረብታም በግራ ይሆናሉ። የሕንፃዎቹን ተርታ ከካርታው ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ የሚደረድር ሰው ከተማዋን ይገለብጣታል። ስለዚህ ሐይቁ ወደ ደረታችሁ እንዲመጣ ካርታውን አዙራችሁ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉት፤ ሥራው እስኪያልቅም አታንሡት።

ስኬሉ 1፡500 ይሁን። 1 ሴንቲ ሜትር 5 ሜትርን ይወክላል ማለት ነው። 120 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የችፑድ መደብ 600 በ300 ሜትር ይይዛል፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና በወደቡ አካባቢ ላለው ዳርቻ ይበቃል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ማካተት የምትፈልጉ ከሆነ ግን አስቡበት። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው፤ በ1፡500 ሲሠራ 76 በ8.6 ሴንቲ ሜትር ይሆንና መደቡን ይወርሰዋል። ድልድዩን የመረጠ ቡድን ወደ 1፡1000 ይውረድ። ሁለቱን ስኬሎች በአንድ መደብ ላይ መቀላቀል ግን አይሆንም።

የሕንፃዎቹን ቁመት በግምት አትጻፉ። የአንድ ሜትር ዱላ ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ጥላውን ለኩ፤ ወዲያውኑ የሕንፃውን ጥላ ለኩ። የዱላው ጥላ 1.2 ሜትር፣ የሕንፃው 30.7 ሜትር ከሆነ፣ 30.7ን ለ1.2 ስታካፍሉ 25.6 ሜትር ታገኛላችሁ። ይህ እያንዳንዱ ወለል 3.2 ሜትር ሆኖ የተሠራ ጂ+7 (ምድር ቤቱን ጨምሮ ስምንት ወለል) ነው፤ ሞዴሉ ላይ 5.1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ልኬቱን ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ አድርጉት። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በባሕር ዳር አናት ላይ ቀጥ ብላ ስለምትቆም ጥላ የሚባል ነገር አይገኝም፤ በሌላውም ወር ቢሆን በቀትር ጥላው አጭር ስለሆነ ትንሿ የመለኪያ ስሕተት ቁመቱን በብዙ ታዛባዋለች። ጥላው መንገድ ወይም አጥር ላይ ተሰብሮ ከወደቀ ወለሎቹን ቁጠሩ፤ የሱቅ ምድር ቤት ከላይኞቹ ወለሎች ከፍ እንደሚል ግን አትርሱ።

በዚህ ስኬል ወፍራም ካርቶን ለግድግዳ አይሆንም። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን 1.5 ሜትር ውፍረት እንዳለው ግድግዳ ነው፤ ማዕዘኖቹም አይገጥሙም። ጠንካራ ወረቀት ቆርጣችሁ እጠፉ። ወርዱ 20፣ ጎኑ 15 ሜትር የሆነ ሕንፃ 4፣ 3፣ 4 እና 3 ሴንቲ ሜትር፣ ለማጣበቂያ ደግሞ ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ በድምሩ 14.5 ሴንቲ ሜትር ሰቅ ይፈልጋል። ከማጠፋችሁ በፊት መታጠፊያውን ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በብረት ማስመሪያ ላይ ጫን አድርጋችሁ አስምሩት። ያለ መስመር የታጠፈ ወረቀት ጠርዙ ይጎብጣል፤ ከሐይቁ በኩል ሲታይ ደግሞ ሕንፃው ያዘመመ ይመስላል። መስኮቶቹን ወረቀቱ ገና ዝርግ እያለ ሣሏቸው። ጣሪያው ላይ ያለውን ሮቶ ከስትሮ 3 ሚሊ ሜትር ቆርጣችሁ አስቀምጡ፤ ከሩቅ የጣሪያውን መስመር የሚሰብረው እሱ ነውና።

ስቲሮፎም ለመሬቱ ከፍታ ጥሩ ነው፣ ግን ስፕሬይ ቀለምና ሱፐር ግሉ ይበሉታል። ነጭ ኮላና የውሃ ቀለም ተጠቀሙ። ካርቶን በአንድ ወገን ብቻ ሲቀባ እየደረቀ ይቆለመማል፤ ሁለቱንም ወገን ቀብታችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። በክረምት ኮላው ቶሎ ስለማይደርቅ አንድ ሌሊት ስጡት።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደምጨነቅበት ልምጣ፦ ዛፍ። የባሕር ዳር መስመር በብዙ ቦታ የዛፍ መስመር ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ደን፣ ዋርካው፣ የጎዳናው ዘንባባ ከሕንፃው እኩል ይቆማሉ፤ አንዳንድ ቦታም ይበልጡታል። ዛፍ የሌለው ሞዴል የየትኛውም ከተማ ሊሆን ይችላል። 12 ሜትር ዛፍ 2.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ቀጫጭን ሽቦዎችን አውጡ፤ ስምንት ያህሉን አብራችሁ ግንዱን ግመዱና ጫፎቹን በትኑ፤ ኮላ ነክታችሁ አረንጓዴ የተነከረ ሰጋቱራ አልብሷቸው። አረንጓዴውን በሦስት ዓይነት አዘጋጁት። ዘንባባ ግን በሰጋቱራ አይሆንም፤ ቅጠሉን ከወረቀት ሰንጥቁለት። ለዳርቻው ደንገል የመጥረጊያ ጭራ 8 ሚሊ ሜትር እየቆረጣችሁ ትከሉ።

ሐይቁን ሰማያዊ አትቀቡት። በዳርቻው ያለው ውሃ በተለይ በክረምት ደለል ያዘለ፣ ወደ ቡናማ ያዘነበለ ነው። ካርቶኑን ግራጫና ቡናማ ቀላቅላችሁ ቀቡትና ብሩህ የደብተር ላስቲክ ወጥሩበት፤ የሕንፃዎቹም የዛፎቹም ጥላ ውስጡ ይታያል። የውሃውን ገጽ ዜሮ አድርጋችሁ ሁሉንም ከፍታ ከእሱ ጀምሩ። የሐይቁ መጠን ከሰኔ እስከ መስከረም ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚለዋወጥ የየትኛውን ወር እንደሠራችሁ መደቡ ላይ ጻፉ።

ቤዛዊትን በሞዴሉ ልትተክሉ አትችሉም፤ በዚህ ስኬል አንድ ኪሎ ሜትር 2 ሜትር ስለሚሆን ከክፍላችሁ ይወጣል። ከሐይቁ ላይ ከተነሣ ፎቶ ቅርጹን እንዳለ ቀድታችሁ ከኋላ በሚቆም ካርቶን ላይ ፈዘዝ ባለ ቀለም ሣሉት።

ሥራውን «አንተ ይህን ሕንፃ፣ አንቺ ያንን» ብላችሁ አትከፋፈሉ። ስድስት ልጆች እንዲህ ሲከፋፈሉ ስድስት ዓይነት ወለል ይመጣል። ሁለት ልጆች ይለኩ፣ አንድ ይሣል፣ ሁለት ይቁረጡና ያጥፉ፣ አንድ ደግሞ የእያንዳንዱን ቁመት ከመዝገቡ ጋር ሳያመሳክር ምንም እንዳይጣበቅ ይከልክል። ይህ የመጨረሻው ኃላፊነት ለማይግደረደር ልጅ ይሰጥ።

ሲደረደር ሞዴሉ ዝቅ ያለ ይመስላችኋል፤ ሕንፃዎቹን ለማስረዘም ትፈተናላችሁ። አታስረዝሙ፤ የከተማዋ መልክ እንደዚያ ነው። ከማጣበቃችሁ በፊት ስልካችሁን ገልብጣችሁ ካሜራው የውሃውን ገጽ እስኪነካ ዝቅ አድርጉትና ፎቶ አንሡ፤ ከጀልባ ላይ ከተነሣው ፎቶ ጋር አስተያዩት። የማይመሳሰል ቦታ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሕንፃው ሳይሆን ከፊቱ የጎደለው ዛፍ ነው።

ማጣበቅ ከኋላ ይጀምራል፤ የፊቱ ከቀደመ እጅ አያስገባም። ዐሥር ያህል ዛፎች በትርፍ ሠርታችሁ በካርቶን ሣጥን ለብቻ ያዙ፤ ሞዴሉ ከክፍል ክፍል ሲዛወር መጀመሪያ የሚወድቁት እነሱ ናቸው።