የአናጺውን ቀሪ ሒሳብ ለቤተ ክርስቲያን ብሰጠውስ?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አንድ አናጺ ቁምሳጥን እንዲሠራልኝ በ40,000 ብር ተስማምተን ግማሹን ቀብድ ከፈልኩት። ለፋሲካ አደርሳለሁ ያለው ለጰራቅሊጦስ አመጣው። ያውም አንዱ በር አይገጥም፣ ቫርኒሹም ተዥጎርጉሯል። ተናድጄ ቀሪውን አልከፍልም አልኩት። ይኸው ሁለት ወር አለፈ። ለራሴ እንዳልበላው ብዬ ግን 5,000 ብሩን ለደብራችን ሕንፃ ማሠሪያ ሰጥቻለሁ፤ የቀረውንም ልሰጥ አስቤያለሁ። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ብስጭትሽ ይገባኛል። በዓሉን እንግዳ ልትቀበዪበት አስበሽ፣ ልብስሽ በማዳበሪያ እንደታጨቀ አለፈ። ስትደውዪ «ነገ»፣ በነገታው ደግሞ ስልኩ ዝግ። የአናጺው ጥፋት ጥፋት ነው። እንደማያደርስ እያወቀ ቀብድ መቀበልም ውሸት ነው፤ እሱ ቢጠይቀኝ ለእሱም የምለው አለኝ። የጠየቅሽኝ ግን አንቺ ነሽ፣ ስላንቺ ላውራ።

ከሁሉ ያሳሰበኝ «ለራሴ እንዳልበላው» ያልሽው ነው። ይህን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ መሰለሽ። አንዱ የቀለም ቀቢውን ገንዘብ ለነዳያን ይመጸውታል፣ ሌላዋ ከልብስ ሰፊዋ ያስቀረችውን ስእለት አድርጋ ታስገባለች፣ ከዚያ ሁለቱም ገንዘቡ እግዚአብሔር ቤት ስለገባ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸውና ተረጋግተው ይተኛሉ። አላለቀም። የራስሽ ያልሆነውን ገንዘብ እንዴት ትሰጪያለሽ? ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ፈሪሳውያንን የገሠጸው በዚሁ ነው። አባት እናቱን መርዳት ያለበት ልጅ «ከእኔ የምትጠቀሙበት ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው ሲል ይፈቅዱለት ነበር። ስሙ ያማረ ነው፤ እናትየው ግን ጦሟን ታድራለች። የአናጺው ልጆችም እንደዚያው።

ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 22 ንጉሡን ኢዮአቄምን የወቀሰው በምን እንደሆነ ታስታውሻለሽ? ሰፊ ቤት ሠርቶ በዝግባ አስጌጦት ነበር፣ የሠሩለትን ሰዎች ግን አልከፈላቸውም። «ባልንጀራውን ያለ ዋጋ ለሚያሠራ ወዮለት» ነው የሚለው። ባልንጀራውን! ንጉሥና ግንበኛ ባልንጀራ ተባሉ። እኛ አገር ባለ እጅን መናቅ የቆየ በሽታ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ። ስድቡ ዛሬ ቢቀንስም፣ «ምን ያመጣል» ብሎ ሒሳብ መያዝ የዚያው ንቀት ቅሬታ ይመስለኛል። አንድ ሐኪም ቢያስጠብቅሽ ገንዘቡን ትይዥበት ነበር? የናዝሬት ሰዎች ጌታን ሲንቁት «ይህስ ጸራቢው አይደለምን» እንዳሉት አትርሺ። ጸራቢ ማለት አናጺ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የማይገጥም በር ዋጋ አለው። የተዥጎረጎረ ቫርኒሽም ዋጋ አለው። ግን 20,000 ብር ያወጣል? ለክተሽዋል? ልብሽ በንዴት ቆረጠው እንጂ ማንም አልገመተውም። ለጉድለቱ መቀነስ መብትሽ ነው፣ ሁሉንም መያዝ ግን ቅሚያ ነው። ደግሞ ያ 20,000 ብር የአናጺው ብቻ አይደለም። ምናልባት እንጨቱን በዱቤ ወስዶ ይሆናል። ረዳት ካለውም የረዳቱ የቀን ሒሳብ እዚያ ውስጥ ነው። ያ ልጅ ምን አደረገሽ? የኦሪት ዘሌዋውያን ሕግ የሞያተኛው ዋጋ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። አንቺ ዘንድ ሁለት ወር አድሯል እኅቴ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ደውዪለት። መጀመሪያ መጥቶ በሩንና ቫርኒሹን ያስተካክል ዘንድ ዕድል ስጪው፤ ካስተካከለ ሙሉውን ክፈዪው። እምቢ ካለ ሁለታችሁም የማታውቁት ሌላ አናጺ ጥገናውን ይገምት። 3,000 ካለ 3,000 ቀንሺ፣ 17,000ውን አስረክቢው። በመዘግየቱ በርግጥ ያወጣሽው ወጪ ካለ፣ ለምሳሌ ዕቃ የሚቀመጥበት ተከራይተሽ ከሆነ፣ እሱንም በግልጽ ተነጋገሩበት፤ ካልተስማማችሁ ሽማግሌ አስገቡ። ለንዴትሽ ግን የሚቀነስ ሒሳብ የለም። እሱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ፍልሰታ ሳይገባ።

ለደብሩ የሰጠሽውን 5,000 ደግሞ መልሱልኝ አትበዪ። ከእንግዲህ ካንቺ ኪስ የወጣ ስጦታ ይሁን፤ ከአናጺው ላይ እንዳትቆርጪው።