«አውጡልኝ» ስትላችሁ

ለውድ ወጣት አዋላጆች፣ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፤

ከሠላሳ ዓመት በላይ በአዋላጅ ነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አዲስ ተመራቂዎች በመጡ ቁጥር የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ አገባብ አሳምረው ሲያውቁ፣ ሴቲቱ ቀኑ ሳይደርስ «በቃኝ» ስትል ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግን ግራ መጋባታቸው ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ እኔም በዚሁ ጉዳይ ስለበደልኩ ነው።

ኪኒን የምትወስድ ሴት ማቆም ስትፈልግ ማንንም አታስፈቅድም፤ አንድ ማታ ሳትውጥ ታድራለች፣ አለቀ። የሦስት ወር መርፌ የምትወጋዋም፣ የመውለድ አቅሟ እስኪመለስ ወራት ሊፈጅባት ቢችልም፣ ቀጠሮዋን ትታ ቤቷ መቅረት ትችላለች። በክንዷ ኢምፕላኖን ያስቀበረች ወይም በማህፀኗ ሉፕ ያስገባች ሴት ግን ለማቆም የእኛ እጅ ያስፈልጋታል። ኢምፕላኖን 3 ዓመት፣ ሌላው በክንድ የሚቀበረው ጃዴል 5 ዓመት፣ የመዳብ ሉፕ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል ስንል መድኃኒቱ እስከ መቼ እንደሚሠራ መናገራችን ነው እንጂ ሴቲቱ ያን ያህል ዘመን ለመቆየት ውል ገብታለች ማለታችን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ኢምፕላኖን እስከ ጤና ኬላ ሲወርድ የኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ መጀመሪያ የሠለጠኑት ለማስገባት ነበር፤ ማውጣቱ ለጤና ጣቢያ ተተወ። አሠራሩ ለብዙ እናቶች ትልቅ በረከት መሆኑን አልክድም። ሆኖም ለማስገባት ጎረቤት ደርሳ የተመለሰች ሴት ለማስወጣት የግማሽ ቀን መንገድ መጓዝ ግድ ሆነባት። ደርሳም እንደ እኔ ያለ ሰው ይገጥማት ነበር።

ያን ጊዜ በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንዲት የሦስት ልጆች እናት መጣች። ካስገባች ጀምሮ ደሙ ጥቂት በጥቂት እየመጣ አልቆም ብሏታል። «ቻይው፣ ይለምድሻል» ብዬ መለስኳት። ከሁለት ወር በኋላ ስትመለስም ካርዷን አይቼ «ገና ሁለት ዓመት ይቀርሻል» አልኳት። የወር ሪፖርታችን የሚኮራው ባስገባነው ቁጥር ስለነበር፣ ማውጣት ኪሳራ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን፣ «ሲስተር፣ ሁዳዴን ሙሉ ጾሜ ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ሳልገባ ቀረሁ እኮ» አለችኝ። እኔ በመጽሐፍ «መጠነኛ የጎንዮሽ ጉዳት» ብዬ የተማርኩት ደም ለእሷ ከቅዳሴ መለየት ነበር፤ ለሙስሊሟ ጎረቤቷም ከሶላት መቅረት ይሆናል። ያም ሆኖ አላወጣሁላትም። በሦስተኛው መምጣቷ እኔ አልነበርኩምና አንዲት ባልደረባዬ በአሥር ደቂቃ አወጣችላት። ሴቲቱ ከክብሪት እንጨት የማትወፍረውን ዘንግ በመዳፏ ይዛ፣ «ስምንት ወር ሙሉ የከለከላችሁኝ ይቺን ነው?» አለች አሉ። በዚያ ዓመት ከእሷ ቀበሌ ለኢምፕላኖን የመጣ ሰው አላስታውስም። «ከገባ አያወጡትም» የሚለው ወሬ ከየትኛውም ትምህርታችን ቀድሞ ደርሶ ነበር።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አውጡልኝ ስትላችሁ ምክንያቷን ጠይቁ፤ የምትጠይቁት ግን ልትረዷት እንጂ ልትፈርዱባት አይሁን። ደሙ ካስቸገራት የሚያቀልላት መድኃኒት እንዳለ ንገሯት፤ አልፈልግም ካለች በዚያው ቀን አውጡላት። ባልሽን አምጪ አትበሏት፣ አገልግሎቱ የእሱን ፈቃድ አይጠይቅም። በመንግሥት ጤና ተቋም ማስገባቱ በነፃ እንደሆነ ሁሉ ማውጣቱም በነፃ ነው። መውለድ ፈልጋ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ካልሆነ ግን ኢምፕላኖን ከወጣ በኋላ እርግዝና በቶሎ ሊመጣ ስለሚችል ሌላ ዘዴ ሳትይዝ እንዳትሄድ። ዘንጉ በጣት ሲዳሰስ ካልተገኘ በግምት አትቅደዱ። ወደ ሆስፒታል ላኳት፤ ስትልኳትም ማንን እንደምታገኝና በየትኛው ቀን እንደምትሄድ ጽፋችሁ ስጧት። «ሪፈር ነሽ» ብቻ ተብላ የምትሄድ የገጠር ሴት ብዙ ጊዜ የምትደርሰው ቤቷ ነው።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ግን በምታስገቡበት ቀን ነው። ከማደንዘዣው በፊት፣ «ባልተመቸሽ ቀን፣ ነገም ቢሆን፣ ነይ፤ እናወጣልሻለን» በሏት፤ የት እንደሚወጣላትም ካርዷ ላይ ጻፉላት። እንዲህ የተባለች ሴት ደሙ ቢረብሻት እንኳ ብዙ ጊዜ ታግሣ ስትቆይ አይቻለሁ፤ ስትፈልግ ማስወጣት እንደምትችል ታውቃለችና። ያወጣችሁላት ቀን ደግሞ ዘንጉን ወደ ቆሻሻ መጣያው ከመጨመራችሁ በፊት አሳዩአት። ኢምፕላኖን ከሆነ ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ሙሉ መሆኑን አብራችሁ ለኩ፤ ክንዷ ውስጥ ምንም እንዳልቀረ በዓይኗ አይታ ትሂድ።