«በዛሬዋ ቀን» ከማለታችን በፊት፦ የድሬዳዋና የሐረር አንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ «ዛሬ በሙዚቃ ታሪክ» የምትል የሦስት ደቂቃ ዝግጅት አለችን። ቢትልሶች በአሜሪካ ቴሌቪዥን በኤድ ሱሊቫን ሾው ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ የቀረቡት ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልሰው እኔ የካቲት 2 አልኩ፣ ጓደኛዬ የካቲት 1 አለ። የማን ነው ልክ? (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የጓደኛዎ። ዕለቱ እሑድ የካቲት 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነበር። እርስዎ የካቲት 1ን ከፌብሩዋሪ 8 ጋር አጋጥመው ነው የቆጠሩት። ይህ ከአራት ዓመት ሦስቱን ያስኬዳል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ያሳስታል። ምክንያቷ ጳጉሜን ናት። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን፣ ተከታዩ የዮሐንስ ዘመን ሴፕቴምበር 11 መግባቱ ቀርቶ 12 ላይ ይገባል። ያቺ የአንድ ቀን ልዩነት ደግሞ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪን 29 እስኪያደርጓት ድረስ አትስተካከልም። ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይሸጋሸጋል፤ ከየካቲት 22 ወዲያ እንደ ማንኛውም ዓመት ነው።

አሠራሩ ይኸው። መጀመሪያ ዓመቱን ያውጡ፦ ቀኑ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ከሆነ 8 ይቀንሱ፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ከሆነ 7። ያገኙትን ዓመት ለ4 ያካፍሉት፤ ቀሪ ከሌለው ዘመኑ ዮሐንስ ነው። 1956 ለ4 ሲካፈል 489 ይደርሳል፣ የሚተርፍ የለም። ከዚያ የወሩን መጀመሪያ ይያዙ። በተራው ዓመት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8 ላይ ይውላሉ፤ በዘመነ ዮሐንስ ለእነዚህ ለስድስቱ አንድ አንድ ቀን ይጨምሩ። መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ሜይ 9፣ ሰኔ 1 ጁን 8፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7፣ ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6፤ እነዚህ ሰባቱ በየትኛውም ዘመን አይነቃነቁም።

ማረጋገጫው የሳምንቱ ቀን ነው። ወርና ዓመት ይለያያሉ እንጂ እሑድ በሁለቱም ዘንድ እሑድ ነው። የፈረንጁ ቀን እሑድ ሆኖ የእርስዎ ስሌት ሰኞ ካመጣ አንድ ቀን ስተዋል ማለት ነው። የካቲት 2 ቀን 1956 ሰኞ ነበር።

የሰዓት ልዩነትም ሌላ ወጥመድ ነው። ያ ዝግጅት ኒው ዮርክ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲጀምር ድሬዳዋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሆኖ የካቲት 2 ሊነጋ ነበር። የቢትልሶቹ ጆን ሌነን የተተኮሰበት ዲሴምበር 8 ቀን 1980 እንዲሁ ነው፤ እዚያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ50 ገደማ፣ እዚህ የማግስቱ ማለዳ። ቀን የሚመዘገበው ነገሩ በተፈጸመበት አገር ስለሆነ የሌነን ዕለት ኅዳር 29 ቀን 1973 ነው። አንዱን ነገር በእኛ ሰዓት፣ ሌላውን በእነሱ ሰዓት እያሉ መቀላቀል ዝግጅታችሁን ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ የአሊ ቢራን ዕረፍት አንዳንዱ ኦክቶበር 27፣ አንዳንዱ ኖቬምበር 6 ይላል። የቱን እንያዝ? (ገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ኖቬምበር 6 ቀን 2022፣ ማለትም እሑድ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.። ኦክቶበር 27 የመጣው ጥቅምትን «ኦክቶበር» ብሎ ቁጥሩን እንዳለ ከመተው ነው፤ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። አሊ ያረፈው አዳማ ሲሆን የተቀበረው በተወለደባትና በአፍረን ቀሎ ባንድ መዝፈን በጀመረባት በድሬዳዋ ነው። የከተማው ልጅ ነውና ጥቅምት 27 ሲመጣ ሦስቱን ደቂቃ ሙሉ ለእርሱ ስጡት፤ የውጭው ዜና ለሌላ ቀን ይደር። የጥላሁን ገሠሠም ቀን እንዳይጠፋችሁ፦ እሑድ ሚያዝያ 11 ቀን 2001፣ የፋሲካ ዕለት። ፋሲካ ግን በየዓመቱ ስለሚዘዋወር መታሰቢያውን ከበዓሉ ጋር ሳይሆን ከሚያዝያ 11 ጋር እሰሩት።

ጥያቄ፦ ክበባችን በሐምሌ 6 ለ77ቱ ረሀብ ገንዘብ ስላሰባሰበው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት አንድ ሙሉ ምሽት ማዘጋጀት ይፈልጋል። ከየት እንጀምር? በስንት ሰዓት ምን ሆነ? (ጁገል፣ ሐረር)

መልስ፦ ከኮረም ጀምሩ። የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከዚያ ያቀረቡት የረሀቡ ዘገባ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ነው። አየርላንዳዊው ድምፃዊ ቦብ ጌልዶፍ ያንን አይቶ ከሚጅ ዩር ጋር ዘፈን ጻፈ፤ ባንድ ኤይድ ተብለው የተሰባሰቡት ድምፃውያን እሑድ ኅዳር 16 ለንደን ውስጥ ቀረጹት። ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ የጻፉት፣ ኩዊንሲ ጆንስ ያቀናበረው የአሜሪካኖቹ ዘፈን «ዊ አር ዘ ወርልድ» ከጥር 20 ምሽት እስከ 21 ንጋት ሆሊውድ ተቀረጸ። ኮንሰርቱ ቅዳሜ ሐምሌ 6 ሆነ። ፈረንጆቹ ይህን ታሪክ በ1984 እና በ1985 ከፍለው ይጽፉታል፤ በእኛ ግን ሁሉም በ77 ውስጥ ነው፣ ድርቁ ራሱ በሚጠራበት ዓመት። ይህን ለታዳሚው ሳትነግሩ ወደ ጊታር አትለፉ። የሞተው የእኛ ሰው ነው።

ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ላስቀምጥላችሁ። ለንደን ዌምብሊ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን የእንግሊዙ ባንድ ስታተስ ኩዎ የመጀመሪያውን ዘፈን ጀመሩ፤ እዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ሁለተኛው መድረክ፣ የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ፣ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ስታዲየም ተከተለ። ኩዊን ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ41 ላይ ወጡ። ፊላደልፊያ ሲያበቃ ሐረር ላይ የእሑድ ሐምሌ 7 ማለዳ 12 ሰዓት ገደማ ሆኗል። ስለዚህ በምሽት የምታሳዩ ከሆነ ኩዊንን በትክክለኛው ሰዓታቸው ማድረግ ትችላላችሁ፤ 2 ሰዓት ከ41 ሲል ያስጀምሩት።

ለአንድ ባንድ የተመደበው 20 ደቂቃ ያህል ነበር። ኩዊን በ21 ደቂቃ ስድስት ዘፈን አስገቡ፤ ረጅሞቹን ቆርጠው፣ ሰው የሚያውቀውን ብቻ መርጠው፣ አስቀድመው በደቂቃ ተለማምደው ነው። የአየርላንዱ ባንድ ዩቱ (U2) ደግሞ አንዱን ዘፈን 12 ደቂቃ ያህል አስረዘሙት፤ ድምፃዊው ቦኖ ከመድረክ ወርዶ ከአንዲት ታዳሚ ጋር ሲጨፍር የቀራቸው ጊዜ አለቀና ሦስተኛው ዘፈን ሳይዘፈን ቀረ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ብታሳዩ፣ ለሙዚቀኛ ልጆቻችሁ ከብዙ ንግግር ይሻላል። የድምፅ ብልሽቱንም አትዝለሉት፦ ፖል ማካርትኒ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ሲጀምር ማይክሮፎኑ ለሁለት ደቂቃ ያህል ዝም አለ፣ ሕዝቡ ነው የዘፈነለት። ፊል ኮሊንስ ለንደን ከተጫወተ በኋላ በኮንኮርድ ተሳፍሮ ፊላደልፊያ ደረሰ፤ ያስቻለው የአውሮፕላኑ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የአምስት ሰዓቱ ልዩነት ጭምር ነው።

ቅጂውን ስታዘጋጁ እያንዳንዱን ባንድ ሙሉ አሳዩ። ከአሥር ባንድ አንድ አንድ ደቂቃ ቆርጦ መደርደር የዚያን ቀን ስሜት ይገድለዋል። አራት ባንድ በሃያ ሃያ ደቂቃ፣ በመካከላቸው አምስት አምስት ደቂቃ ማብራሪያ፣ መግቢያው ላይ ስለ ኮረም አሥር ደቂቃ፤ ሁለት ሰዓት አይሞላም።

ጥያቄ፦ ፈረስ መጋላ ላይ የአምሃ ሪከርድስ ባለ 45 ዙር ሸክላ ገዛሁ። ቀን የለውም። ዘፈኑ የወጣበትን ቀን እንዴት ላግኝ? (ሐረር)

መልስ፦ ዕለቱን ከሸክላው አያገኙትም፤ ዓመቱን ግን ማጥበብ ይቻላል። አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተፈቀደበት ጊዜ ደፍሮ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ በ1975 ከአገር ወጣ። እንግዲህ ሸክላዎ በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ነው። ቀጥሎ በመሐሉ ወረቀት ላይ ያለውን የካታሎግ ቁጥር ይጻፉ። ከዚያ ሸክላውን በመስኮት ብርሃን አጋድመው ይያዙትና የድምፁ መስመር አልቆ ወረቀቱ እስኪጀምር ያለውን ባዶ ቀለበት ይመልከቱ፤ በመርፌ የተጫረ ቁጥርና ፊደል ያገኛሉ። ሁለቱ ከተስማሙ ወረቀቱና ሸክላው የአንድ ናቸው። ቁጥሩን ዓመታቸው ከሚታወቅ ከሌሎች የአምሃ ሸክላዎች ጋር ያስተያዩት፤ አነስ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የወጣ ነው። የተቀረጸበት ቀንና የወጣበት ቀን ግን አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ሸክላው ውጭ አገር ታትሞ እስኪመጣ ያለው ጊዜ አለ።

ሲያጸዱት ለብ ያለ ውኃና ጠብታ የዕቃ ሳሙና ይበቃል፣ ወረቀቱን ሳያርሱ፣ መስመሩን ተከትለው በለስላሳ ጨርቅ። ከባለ 45ቱ ጋር ጥንታዊ ባለ 78 ዙር ካለዎት በአልኮል አይንኩት፤ የተሠራበት ሙጫ ይሟሟል። በዝግጅት ላይ ስለ ሸክላዎ ሲናገሩም «በዛሬዋ ቀን ወጣ» አይበሉ፤ «እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ባለው ጊዜ» ይበሉ።