የሴቶችን ቀን ማክበር ሴቶችን ማክበር ነው?

«ማርች 8ን የምናከብረው ሴቶችን ከልብ ስለምናከብር ነው ወይስ ለይምሰል?» ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ እምነት ቀኑ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ሲጀመር የአበባ በዓል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1910 ጀርመናዊቷ የሴቶች መብት ታጋይ ክላራ ዜትኪን ዴንማርክ፣ ኮፐንሃገን ላይ ሐሳቡን ስታቀርብ ዋናው ጥያቄ የመምረጥ መብት ነበር። በ1917 በያኔዋ የሩሲያ ዋና ከተማ በፔትሮግራድ የጨርቃ ጨርቅ ሴት ሠራተኞች በዚሁ ቀን አደባባይ የወጡት ዳቦ አጥተው፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነትም መርሯቸው ነው። የሩሲያው ዛር በቀናት ውስጥ ከዙፋኑ ወረደ። የተባበሩት መንግሥታት ማክበር የጀመረው ዘግይቶ፣ በ1975 ነው።

ስለዚህ እኔ የማየው ማግስቱን ነው። አበባ ያደለው መሥሪያ ቤት ለእኩል ሥራ እኩል ይከፍላል? ሠራተኛዋ ስታረግዝ ዕድገቷን ያስቀርባታል? አለቃዋ ሲተናኮላት አቤት የምትልበት አላት? ቤት ውስጥስ፣ «እንኳን አደረሰሽ» ያላት ባል ሳህኑን ለእሷ ትቶ ይነሳል? ይሄ በጣም ያናድደኛል። በዚያ ቀን እንኳ ድግሱን የምታሰናዳው ብዙ ጊዜ እሷው ነች።

ቢሆንም በዓሉ ይቅር አልልም። ዓመቱን ሙሉ ሰሚ ያጣች ሴት በዚያ ቀን መድረክ ካገኘች የደረሰባትን ትናገርበት። ብቻ ማይኩን ለእሷ ስጡ፤ ስለ እሷ የሚያወሩት ወንዶች ብቻ አይሁኑ።