«ቅጠል ነው» ብሎ አጨሰ፤ ተንቀጥቅጦ ወደቀ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የ19 ዓመት ወንድሜ ትናንት ጓደኞቹ ከሰጡት ትንሽ ፓኬት ደረቅ ቅጠል ጠቅልሎ አጨሰ። «ከጋንጃ የቀለለ ነው» ብለውታል። ወዲያው አስመለሰው፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ተንቀጥቅጦ ወደቀ። ጎረቤቶች ክብሪት ጭረው አሸተቱት፤ ወተትም አጠጣነው። ዛሬ «ደህና ነኝ» ይላል፣ ጎኑን ግን ያመዋል፤ ሽንቱም ቀንሷል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት። የሽንቱ መቀነስ አስግቶኛል።

ከነገሩኝ ሁኔታ የምጠረጥረው ሰው ሠራሽ ካናቢኖይድን ነው፤ የጋንጃን ንጥረ ነገር አስመስሎ የተሠራ ኬሚካል ማለት ነው። ቅጠሉ ማሳሳቻ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ላዩ ላይ ከተረጨው ኬሚካል ነው። ሲረጭ ደግሞ እኩል አይዳረስም። ከአንድ ፓኬት ሁለት ልጆች አጭሰው አንዱ ምንም ላይሆን፣ ሌላው ሊወድቅ ይችላል። የጋንጃው ንጥረ ነገር የአንጎልን መቀበያ በከፊል ብቻ ነው የሚቀሰቅሰው፤ ይሄኛው እስከ ጥግ ይሄዳል። ስለዚህ «ከጋንጃ የቀለለ» የሚባለው ፈጽሞ ውሸት ነው። ሰውን ይጥላል፣ ያቃዣል፣ የወጣት ልብ ላይ እንኳ አደጋ ያደርሳል። ኩላሊትንም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ ይህን አጭሰው ኩላሊታቸው በድንገት ከተጎዳ 16 ሰዎች 5ቱ የኩላሊት እጥበት አስፈልጓቸዋል።

ሆስፒታል ስትደርሱ እባካችሁ እውነቱን ተናገሩ። ሐኪሙ ፖሊስ አይደለም። ጋንጃን የሚያሳየው የተለመደው የሽንት ምርመራ ይሄን አያሳይም፤ ካልነገራችሁት በምን ያውቃል? የቀረውን ፓኬት ይዛችሁ ሂዱ። የኩላሊት የደም ምርመራ እንዲደረግለትም ጠይቁ። ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ፣ ሽንቱ ከቀላ፣ ከቀናት በኋላም ቢሆን ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ የአይጥ መርዝ የተቀላቀለበት ተሸጦ ብዙ ሰው ደምቷል፤ የሞቱም አሉ።

ጎረቤቶችዎ ያደረጉት ተጨንቀው ነው፣ ይገባኛል። ግን ክብሪት ማሽተት አይጠቅምም። ወተቱ ደግሞ በደንብ ላልነቃ ሰው ሳንባ ውስጥ ሊገባበት ይችላል። እንደገና ከጣለው በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አታስገቡ፣ 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም የሚያደርገው መንቀጥቀጡን ማስቆምና ልቡን፣ ትንፋሹን፣ ኩላሊቱን መከታተል ነው።

ከዚህ በኋላ ድምፅ እሰማለሁ፣ ሰው ይከታተለኛል ማለት ከጀመረ አማኑኤል ሆስፒታል ይውሰዱት። አሁን ግን ኩላሊቱ ይቅደም። ከኮዬ ፈጬ መንገዱ ረጅም ነው፤ ታክሲ ሳይጠፋ፣ ሳይመሽ ውጡ።