ፖስታው ሳይከፈት እንዳይቀር

ልጆቼ፣ በተለይ እዚህ አሜሪካ ያደጋችሁት፣ እንዲሁም በዲቪም በአሳይለምም መጥታችሁ ገና ሁለት ሶስት አመት የሆናችሁ፣ ይሄን የምፅፍላችሁ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ውስጥ ከሃያ አመት በላይ ሰው የጤና ኢንሹራንስ ሳስመዘግብ ካየሁት ነው። ወጣቶች "የኛ ሰው እኮ ግድ የለውም፣ ካላመመው ኢንሹራንስ ትዝ አይለውም" ሲሉኝ እሰማለሁ። እኔም ስራ ስጀምር እንደዛ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ግን በፍፁም አልቀበለውም።

ሁለት ወንድማማቾች አውቃለሁ፣ ሁለቱም ፓርኪንግ ነው የሚሰሩት፣ አብረው ነው ከሀገር የወጡት፣ ታላቅየው ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ፣ ታናሽየው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፣ በመሀላቸው ፖቶማክ ወንዝና አንድ ድልድይ ነው ያለው። በ2014 ሜሪላንድ ሜዲኬይድን (መንግስት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ) ልጅ ለሌለው አዋቂም ጭምር ስታሰፋ ታናሽየው ካርዱ በፖስታ መጣለት። ታላቅየው የዛን ሰሞን ሰዓት ተቀንሶበት በአመት 11 ሺህ ዶላር እንኳን አይሞላለትም ነበር፣ ልጅ የለውም፣ ዲሴብልድ አይደለም፣ ስለዚህ በቨርጂኒያ ህግ ሜዲኬይድ አይገባውም። እሺ በኦባማኬር፣ በ2010 በወጣው የጤና ኢንሹራንስ ህግ፣ በድጎማ ልግዛ ሲል ደሞ ገቢህ ለድጎማው አነሰ ተባለ። አዎ፣ አነሰ! ነገሩ እንዲህ ነው፣ ህጉ ሲወጣ ድሃው ሁሉ በየስቴቱ ሜዲኬይድ ያገኛል ተብሎ ስለታሰበ ድጎማው የሚጀምረው ከድህነት ወለሉ በላይ ካለው ሰው ነው፣ በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማስፋፋቱን ለየስቴቱ ፈቃድ ሲተወው ከወለሉ በታች ያለው ሰው መሀል ላይ ቀረ። ጋሼ (ታላቅየውን እኔም እንደዛ ነው የምጠራው) የግፊት ክኒኑን ከአዲስ አበባ በሰው ያስመጣና እንዲቆይለት ለሁለት እየሰበረ ነበር የሚውጠው፣ አንድ ቀን የተሰበሩትን በናፕኪን ጠቅልሎ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋልኝ። እኔ ያኔ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ስታሰፋ ፎርሙን በስልክ የሞላሁለት እኔው ነኝ፣ አንድ ሰዓት እንኳን አልፈጀብንም። ሰውየው ያው ሰውዬ ነው፣ ስራው ያው ነው፣ የተቀየረው የቨርጂኒያ ምክር ቤት ሪችመንድ ላይ የሰጠው ድምፅ ነው። ዛሬም ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ጆርጂያን ጨምሮ 10 ስቴቶች እንደ ህጉ አላስፋፉም፣ ዳላስና አትላንታ ስንት ሀበሻ እንዳለ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ አንድ ሰው ኢንሹራንስ የለኝም ሲላችሁ "ለምን አልገባህም" ከማለታችሁ በፊት የት ነው የምትኖረው፣ መቼ ነው የመጣኸው፣ በምን ወረቀት ነው ያለኸው ብላችሁ ጠይቁ። ከ1996ቱ ህግ ጀምሮ ግሪን ካርድ ይዞ የመጣ አዋቂ፣ የዲቪ ሰው ማለት ነው፣ በአብዛኛው ለፌደራል ሜዲኬይድ 5 አመት መጠበቅ አለበት። ሪፊውጂና አሳይለም ያገኘ ሰው ግን መጠበቅ አልነበረበትም፣ አሁን በጁላይ 2025 በወጣው ህግ ግን ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ለነሱም ይዘጋል ተብሏል፣ ይሄ እውነቴን ነው የምላችሁ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ደሞ የተፈቀደም ነገር መንገድ ላይ ይጠፋል። ኦሪገን በ2008 በጀቱ ስላልበቃ ሜዲኬይድን ለአዋቂዎች በሎተሪ ነበር የሰጠችው፣ ወደ 90 ሺህ ሰው ነው የተመዘገበው፣ እጣው ደርሷቸው ፎርሙን በ45 ቀን ውስጥ ሞልተው መመለስ ከነበረባቸው ሰዎች የመለሱት ግን 60 በመቶ ገደማ ናቸው። ዲቪ ደርሶት ፎርም ሳይመልስ የሚቀር ሀበሻ ታውቃላችሁ? እነዚህም ሰዎች ፈልገው የተመዘገቡ ናቸው፣ አንዳንዱ ቤት ቀይሮ ይሆናል፣ አንዳንዱ ያልገባው ወረቀት ይኖራል። በኮቪድ ጊዜ ማንም ከሜዲኬይድ እንዳይወጣ ታግዶ ነበር፣ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ እገዳው ሲነሳ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ወጣ፣ ከ10 ሰው ወደ 7ቱ የወጡት ገቢያቸው በዝቶ ሳይሆን በወረቀት ጉዳይ ነው፣ ፎርም አልተመለሰም፣ አድራሻ አልተገኘም ምናምን።

ወሬም ያስወጣል። በ2019 "ሜዲኬይድ የተጠቀመ ግሪን ካርድ ሊከለከል ይችላል" የሚለው ደንብ የወጣ ጊዜ አንዲት ስኳር ያለባቸው እናት ቢሮዬ መጥተው "ልጄ፣ ሰርዢልኝ" አሉኝ፣ ሲቲዝንሽፕ አመልክተው ቀጠሮ እየጠበቁ ነበር። እማማ ይሄ ደንብ ሲቲዝንሽፕ የሚጠይቅን ሰው አይነካም ብላቸው፣ አስረዳቸው፣ ሊያምኑኝ አልቻሉም፣ ቤተክርስቲያን የሰሙት ነው የበለጠባቸው። ደንቡ በ2021 ቀረ፣ ፍርሃቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። ለነገሩ ዛሬም ይሄን ነገር የሚጠይቃችሁ ካለ በወሬ አትመልሱለት፣ ደንቡ ስለሚቀያየር የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ላኩት።

አሁን ወደሚመጣው ልግባ፣ ምክንያቱም እናንተ ናችሁ የምትሸከሙት። ያ የ2025ቱ ህግ በሜዲኬይድ ማስፋፋቱ የገቡ አዋቂዎች በወር 80 ሰዓት መስራታቸውን፣ መማራቸውን ወይ በጎ ፈቃድ መስጠታቸውን እንዲያረጋግጡ ያዛል፣ ለስቴቶች የተቆረጠው ቀን ጃንዋሪ 2027 ነው፣ ቀድሞ መጀመር የሚፈልግ ስቴትም ይችላል፣ በአመት አንዴ የነበረው እድሳትም በየ6 ወሩ ይሆናል። አርካንሳስ በ2018 ይሄንኑ ሞክራ በወራት ውስጥ ከ18 ሺህ በላይ ሰው ኢንሹራንሱን አጣ፣ ብዙዎቹ የሚሰሩ ወይ ከግዴታው ነፃ መሆን የሚገባቸው ነበሩ፣ ሪፖርቱ ነው የጣላቸው። የኛ ሰው ደሞ ኡበር ይነዳል፣ ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋል፣ ሁለት ሶስት ቦታ በካሽና በአፕ ይሰራል፣ ሰዓቱን ማን ይቆጥርለታል? ይሄን ያዙልኝ፣ በወር 580 ዶላር ያገኘ ሰው ሰዓት ባይቆጥርም ያልፋል። እድሜው 13ና ከዛ በታች የሆነ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ፣ ከባድ ህመም ያለበት ሰው፣ ቢያንስ ግማሽ ጊዜ የሚማር ተማሪ ነፃ ነው፣ ግን ነፃ መሆኑም ሊጠየቅ ስለሚችል ማስረጃው በእጅ ይኑር። የአፑን የወር ገቢ ስክሪንሾት አንሱና ፎልደር አድርጉለት፣ በየወሩ፣ ለአባታችሁም ለራሳችሁም።

ፐብሊክ ሄልዝ ወይ ሶሻል ወርክ የምትማሩ ካላችሁ ደግሞ አደራ፣ ጥናት ስትሰሩ "ግንዛቤ ማነስ" የምትለውን ነገር ቶሎ አትፃፉ። መጀመሪያ ሰውየው ጋ የደረሰውን ደብዳቤ አንብቡት፣ እኔ ስንት አመት ሰርቼበት አንዳንዱን ሁለቴ ነው የማነበው።

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ የናቷን ደብዳቤዎች በፌስታል ይዛልኝ መጣች፣ 14 ፖስታ፣ አንዱም አልተከፈተም፣ እናትየው "ቢል ነው" ብላ ፍሪጁ ላይ ስትከምራቸው የነበሩ ናቸው። አብረን ከፈትናቸው፣ አብዛኛው ማስታወቂያ ነው፣ ሁለቱ ግን የሜዲኬይድ እድሳት ናቸው፣ ቀኑ ካለፈ አምስት ሳምንት ሆኖታል፣ ካርዱም ተዘግቷል። ልጅቷ አለቀሰች። ከተዘጋ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ፎርሙ ከተመለሰ እንደ አዲስ ማመልከት እንደማያስፈልግ ነገርኳትና እዛው ቁጭ ብለን ሞላነው፣ ፔይ ስተቦቹን በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከች፣ አድራሻውንም አስተካከለች፣ ከዛ እናቷ ጋ ደውላ በአማርኛ "እማዬ፣ ከአሁን በኋላ ፖስታ ሲመጣ ፍሪጁ ላይ አታድርጊ፣ ለኔ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ" አለቻት።