ነጩ ነገር ሻጋታ ነው ወይስ ተባይ?

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ አጠገብ አባቴ የተከሏቸው አሥራ አንድ የማንጎ ዛፎች አሉኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቅጠሎቹ ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ፤ ፍሬውም ሲበስል ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች ስለሚያወጣ ነጋዴው ዋጋ ይሰብርብኛል። ሻጋታ ነው ተብዬ ሁለት ጊዜ የሻጋታ መድኃኒት ብረጭም ለውጥ አላየሁም። በአንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ደግሞ ትል አለ። ዛፎቹን ልቁረጣቸው?

መልስ፦ አይቁረጧቸው። ሌላ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊትም ነጩን ነገር በጥፍርዎ ይፋቁት። እንደ አቧራ ከበነነ ሻጋታ ሊሆን ይችላል፤ ክብ ቅርፊት ሆኖ ከተላቀቀና ከሥሩ የማይንቀሳቀሱ ጥቃቅን ነፍሳት ከታዩ ግን ተባይ ነው። የፍሬው ቀላ ያለ ነጠብጣብ ወደ ሁለተኛው እንድናመዝን ያደርገናል። ባለሙያዎች «ዋይት ማንጎ ስኬል» የሚሉት ይህ የእስያ ተባይ በአገራችን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምቷል። ሴቷ በቅርፊቷ ሥር ተጣብቃ የቅጠሉን ጭማቂ ስትመጥ ወንዶቹ በአንድ ቦታ ተከማችተው ያድጋሉ፤ ዱቄት የመሰለዎትም በአብዛኛው የእነርሱ ክምችት ነው። የሻጋታ መድኃኒት ነፍሳትን ስለማይገድል ወጪዎ በከንቱ ቀርቷል፤ ጥፋቱ ግን ቅጠሉን ሳያይ መድኃኒት የመረጠልዎት ሰው ነው።

የነፍሳት መድኃኒት ቢረጩም ቢሆን ቅርፊቱ ለተባይዋ ጋሻ ስለሚሆናት በቀላሉ አይደርስባትም። የምትጋለጠው ገና ተፈልፍላ ቅርፊት ሳታበጅ የምትድኸው ጫጩት ናት፤ ነፋስም ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚወስደው እርሷን ነው። ከፍሬ የበቀለ ያረጀ ማንጎ ደግሞ እጅግ ስለሚረዝም በጀርባ የሚታዘል መርጫ ጫፉ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉትን የውስጥ ቅርንጫፎች አሳስተው ብርሃንና አየር ያስገቡ፤ ቁመቱንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተከታታይ ዓመታት ዝቅ ያድርጉ፤ የተቆረጠውን ከዛፎቹ ሥር ሳያሳድሩ ያቃጥሉ። ከዚህ በኋላ ለፍራፍሬ የተዘጋጀ ዘይት መርጨት ቢያስፈልግ ቅጠሉን ከላይም ከታችም ማዳረስ ይቻላል። ጠንካራ መርዝ ግን፣ በተለይ በአበባ ጊዜ፣ አንመክርም፤ ንቡን ይፈጃል፣ ተባዩን የሚበሉትን ጥንዚዛዎች ይጨርሳል፣ በዝናብም ታጥቦ ወደ ጣና ይወርዳል።

ትሉ የሌላ ተባይ ሥራ ነው። ከፍሬው ሥጋ ውስጥ ነጫጭ ትሎች ካገኙ የፍራፍሬ ዝንብ ናት፤ ጉዳቱ ከዘሩ ውስጥ ከሆነ ግን የማንጎ ነቀዝን ይጠርጥሩ። ዝንቧ ልጣጩን ወግታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ትሉም ካደገ በኋላ አፈር ውስጥ ገብቶ ወደ ዝንብነት ይለወጣል። በገበያ ያለው የሜቲል ዩጂኖል (ዝንብ በጠረኑ የሚስብ ኬሚካል) ወጥመድ የሚስበው ወንዶቹን ብቻ ስለሆነ፣ የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ ካልለቀሙ ብቻውን አያድንዎትም። የለቀሙትን በጥቁር ላስቲክ አጥብቀው አስረው ፀሐይ ላይ ያቆዩት ወይም ከግማሽ ሜትር በላይ ቆፍረው ይቅበሩት፤ ማዳበሪያ ይሆናል ብለው ከዛፉ ሥር አይከምሩት።

ለቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ ናሙና ሲያሳዩ ቅጠሉን በታሰረ ላስቲክ ይያዙ፤ በክፍት ዘንቢል ከሄዱ ጫጩቶቹን በመንገድ ላይ ለጎረቤቶችዎ ዛፎች ያድላሉ።